የአሚሽ ልብወለድ፦ አንዷ እህት ማዕድ ተለየባት፣ ሌላዋስ ለምን አልተለየባትም?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማታ ሥራ ነው የምሠራው፤ አንዲት አዛውንት እናት እንከባከባለሁ። እሳቸው ሲተኙ አነባለሁ። ሰሞኑን ከላይብረሪ የአሚሾች የፍቅር ልብወለድ ተውሼ ነበር። አሚሾች አሜሪካ ውስጥ እንደ ድሮው ቀለል ያለ ኑሮ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ታሪኩ ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ካውንቲ ነው። አባትየው ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት የለውም። ላሞቹን ሸጦ የእንጨት ሥራ ይከፍታል። ቤቱ መለወጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። ታላቅየዋ እንጨት የሚያመላልስ የከተማ ሹፌር ወዳ ትሄዳለች። ታናሽየዋም ነርስ እሆናለሁ ብላ ትወጣለች።

ሁለቱም ሊጠይቁ ሲመጡ እናትየዋ ታናሽየዋን ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጠች። ለታላቅየዋ ግን ሌላ ትንሽ ጠረጴዛ አዘጋጀችላት። ወጡ ከአንድ ድስት ነው የወጣው፣ ማዕዱ ግን ተለየ። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። እኔም ደሴ እህት አለችኝ። ከአንድ ትሪ ከበላን ስምንት ዓመታችን።

ሁለቱም ወጥተው የለ? ለምን አንዷ ብቻ? ደግሞ ታናሽየዋ በ19 ዓመቷ «ገና አልተጠመቅኩም» ትላለች። ይሄስ እንዴት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

የቫን ሹፌር፦
እህቴ፣ አሚሾችን በቫን ሳመላልስ ሦስት ዓመቴ ነው። መኪና መግዛት አይፈቀድላቸውም፣ ከፍሎ መሳፈር ግን ይችላሉ። መንገድ ላይ ብዙ ይነግሩኛል።

መልሱ ጥምቀቱ ላይ ነው። እኛ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስለምናስጠምቅ ግራ ያጋባል። እነሱ ሕፃን አያጠምቁም። ነገሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1525 ዙሪክ ላይ አዋቂዎችን ማጥመቅ ከጀመሩት ነው። ልጆቻቸው ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ዓመት ባለው ይጠመቃሉ። በጉባኤው ፊት ተንበርክከው ለቤተ ክርስቲያኑ ቃል ይገባሉ። «ኦርድኑንግ» የሚሉትን የኑሮ ሥርዓት ሊጠብቁ ማለት ነው። ታላቅየዋ ይህን ቃል ሰጥታ ነው የሄደችው። ቃሉን ያፈረሰ ይገለላል፤ ከተጠመቁት ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጥም። ታናሽየዋ ያፈረሰችው ቃል የለም። ከወጣች በኋላም እናቷ አጠገብ የተቀመጠችው ለዚህ ነው።

የአሚሾች ስም የመጣበት ያዕቆብ አማን እ.ኤ.አ. በ1693 አዋቂ ከሚያጠምቁት ከሌሎቹ የተለየው በዋናነት በዚሁ በማዕድ ጉዳይ ነው። የተገለለ ሰው ግን በሩ አልተዘጋበትም። ተመልሶ ተንበርክኮ ከተናዘዘ ይቀበሉታል። አንዳንድ እናቶች ደግሞ ሁለቱን ጠረጴዛ ትንሽ ያራርቁና አንድ ጨርቅ ያለብሱባቸዋል። ሥርዓቱም ይጠበቃል፣ ልጅም ዓይናቸው ሥር ትሆናለች።

የቅዳሜ ገበያተኛ፦
ወንድማችን ጥሩ አስረድቷል። እኔ ስለ ነርስነቱ ልጨምር። የአሚሽ ልጆች ትምህርት የሚያቆሙት 8ኛ ክፍል ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1972 ፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ይህቺ ልጅ መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃውን ፈተና ማለፍ አለባት። ኮሌጅ ከዚያ በኋላ ነው። ደራሲው ይህን በሁለት ገጽ ካለፈው በጣም ያሳዝናል። የልጅቷ ትልቁ ትግል እሱ ነበር።

የመሬቱ ነገር ግን እውነት ነው። ላንካስተር መሬት ውድ ነው፣ ቤተሰቡ ደግሞ ስድስት ሰባት ልጅ ያለው። ብዙዎቹ ከእርሻ ወደ ወርክሾፕና ወደ ንግድ ገብተዋል። እኔ ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ ድረስ መጥተው ከሚሸጡት ነው ቅቤ የምገዛው። ወጣት ሴቶቹ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ቀኑን ሙሉ ከከተማ ሰው ጋር ያወራሉ። እናቶቻቸው ከማሳ ሳይወጡ ነው ያደጉት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሹፌሩ ያልከውን አንብቤ ገጹን መልሼ ገለጥኩት። አለ! እናትየዋ አንዱን ነጭ ጨርቅ በሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ታነጥፈዋለች። እንባዬ እያስቸገረኝ አልፌው ኖሯል። ደሴ ሲነጋ እደውላለሁ። ይህቺን ገጽ በአማርኛ እያደረግኩ ለእህቴ አነብላታለሁ።