እርግቤ አንገቷ ዞሯል፤ ላስታማት ወይስ ላሰናብታት?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ከጫጩትነቷ ጀምሮ በእጄ ያሳደግኳት ነጭ እርግብ አለችኝ። ስጠራት ትከሻዬ ላይ ነበር የምታርፈው።

ከስድስት ቀን ወዲህ አንገቷ ተጠማዘዘ። ስንዴ ስበትንላት ፍሬውን ትስትና ባዶ መሬት ትነቁራለች። ኩሷ ውሃ የበዛበት አረንጓዴ ሆኗል። ከዚያ በፊት የጎረቤት ዶሮዎች በፈንግል አልቀው ነበር።

የእንስሳት ሐኪም አሳየኋት። ፈንግል ይመስላል፣ ቫይረስ ስለሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም አለኝ። ወይ በመርፌ ሳትሠቃይ ትሙት፣ ወይ ለይተህ በእጅህ እየመገብክ ጠብቅ፤ አንዳንዷ በሳምንታት ውስጥ ታገግማለች አለ። ጎረቤቴ ደግሞ ቴትራሳይክሊን በጥብጠህ አጠጣት ይለኛል። እኛ ሰፈር ቴትራሳይክሊን የማያድነው በሽታ የለም! ለቫይረስ እንደማይሠራ ግን አውቃለሁ።

አሁን ካርቶን ውስጥ ለብቻዋ ናት። የራሰ አተር በጣቴ ሳጎርሳት ትውጣለች። ዓይኗም ንቁ ነው። ችግሩ፣ ግቢው ውስጥ የእናቴ ስምንት ዶሮዎች አሉ። ለአንዷ ብዬ እነሱን ልጨርስ?

እንዲህ ያለች እርግብ አስታማችሁ ያዳናችሁ ካላችሁ፣ ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ? አንገቷስ ተመለሰ? ዶሮዎቹን አሁን ባስከትብ ይደርሳል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።