ሉቢቴል 2፦ ከላይ ጥርት፣ ፊልሙ ላይ ብዥ

ሰላም ጀመዓ፣ አጎቴ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት እያለው ይሰራበት የነበረ ሉቢቴል 2 (ባለሁለት ሌንስ የድሮ ፊልም ካሜራ፣ በላይኛው ሌንስ ታያለህ በታችኛው ታነሳለህ) ደርሶኝ ሐይቅ ወስጄ አንድ ፊልም ጨረስኩበት፣ ከላይ ሳያት እህቴ ጥርት ብላ ነበር፣ ታጥቦ ሲመጣ ግን እሷ ብዥ ብላ ከኋላዋ ያለው ቄጠማ አንድ ባንድ ይቆጠራል 😂 12ቱም ፎቶ እንደዛ። መስታወቱ ነው ሌንሱ?

መልስ 1፦
አብሽር ሌንሱ ደህና ነው። የሉቢቴል ሁለቱ ሌንሶች በጥርስ ተያይዘው ነው የሚዞሩት፣ የሆነ ሰው ፈቶ ሲገጥም ጥርሱን አዛንፎታል። ፊልም ሳይኖር ጀርባውን ክፈትና ፊልሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደብዛዛ ስኮች ወጥረህ ለጥፍ፣ ሹተሩን ቢ ላይ (ተጭነህ እስከያዝከው ክፍት ይቆያል)፣ የሌንሱን ቀዳዳ 4.5 አድርገህ ወደ ጦሳ አዙረው። ጃኬት ተከናንበህ በማጉያ እየው፣ ተራራው ተገልብጦ ይታይሃል። የሌንሱ ቀለበት ኢንፊኒቲ (በጣም ሩቅ ላለ ነገር) ላይ ሆኖ ስኮቹ ላይ ብዥ ካለ የታችኛው ሌንስ ነው የተዛነፈው።

መልስ 2፦
ልክ ነው፣ ግን መጀመሪያ የታችኛውን አስተካክል ከዛ የላይኛውን ከሱ ጋር አመሳስል፣ ገልብጠህ ከጀመርክ ስትዞር ትውላለህ። ጥርሱ ቀለበት ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች አላላ እንጂ አታውጣቸው፣ እኔ አንዷ ምንጣፍ ላይ ወድቃብኝ እስካሁን የለችም። ዘይት ደግሞ እንዳትነካው! ሹተሩ ውስጥ ገብቶ ያጣብቀዋል።

ጠያቂው፦
ወላሂ ጦሳ ብዥ ብሎ ነበር! ብሎኖቹን አላልቼ ሌንሱን በጣም ትንሽ ሳዞረው ጠራ። የላይኛውን ነገ፣ አሁን ጉም ወርዶ ተራራው ጠፋብኝ።