ዲቪ ደርሶን ልንሄድ ነው፤ «ነጻ ኮሙኒቲ ኮሌጅ» የሚባለው ከሦስታችን ለማን ነው?

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዲቪው የደረሰኝ እኔ ነኝ። ቪዛው ፓስፖርታችን ላይ ተመቷል፣ የቀረን ዕቃ መሸጥና ትኬት መቁረጥ ነው። የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚራ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። መድኃኒት ሊገዛ የሚገባው ሁሉ አሜሪካ ዘመድ አለው መሰለኝ፣ ሁሉም ምክር ይሰጠኛል። አንዱ «ኮሙኒቲ ኮሌጅ የሚሉት የሁለት ዓመቱ የመንግሥት ኮሌጅ እዚያ ነጻ ነው፣ ገብተሽ መማር ብቻ ነው» ይለኛል። ቀጣዩ «ነጻ የሚባል ነገር የለም፣ ዕድሜሽን ሙሉ ብድር ስትከፍይ ትኖሪያለሽ» ይላል። አቦ የቱን ልመን?

ሁኔታችንን ልንገራችሁ። እኔ የድሮው 10+3 ዲፕሎማ በአካውንቲንግ አለኝ። መሰናዶ አልገባሁም፣ በ10ኛ ክፍል ውጤቴ ነው ወደ ቴክኒክና ሙያ የሄድኩት። ባለቤቴ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አለው። ልጃችን 19 ዓመቷ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ 50 በመቶ አልሞላላትም። (በዚያ ዓመት ከአገሩ ተፈታኝ ያለፈው 5.4 በመቶ ነው፣ ሰነፍ ናት እንዳትሉብኝ።)

የምንገባበትን ቦታ ገና አልወሰንም። እህቴ ሴንት ፖል ሚኒሶታ ናት። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ብርዱን ፈርቶ ቨርጂኒያ ካልሆነ ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ደግሞ ትምህርቱ የት እንደሚገኝ ሳላውቅ ትኬት አልቆርጥም ብያለሁ።

ስለዚህ ልጄን ውጤቷ ያግዳታል ወይ? እኔስ 12ኛ አለመማሬ? ሌላም አለ፣ ሰፈር ቡና ላይ አንዷ ባለቤቴን «ዲግሪ እንዳለህ ትንፍሽ እንዳትል፣ ዲግሪ ላለው ሰው ነጻ ትምህርት አይሰጡም» ብላዋለች። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ይደብቅ?

ሸዋ በር (ሐረር)

እህት፣ ምን ያስጨንቅሻል? የአጎቴ ልጅ ቴነሲ ገብቶ አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል ነው የተማረው። አሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነጻ ነው፣ አለቀ። የትም ግቢ። የባልሽን ዲግሪ ደግሞ ማን አይቶ፣ ሐረማያ ድረስ መጥተው አይጠይቁ!

የቀፊራ ልጅ (ሚኒሶታ)

የሳቢያኗ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ እዚህ አንድ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪ ድጎማ) ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የእኛ ሰው ፎርም በእጄ ስለሚያልፍ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ሸዋ በር ወንድሜ፣ «አሜሪካ ነጻ ነው» የሚባል ሕግ የለም። ነገሩ የየስቴቱ ነው። ቴነሲ ራሱ ሁለት ዓይነት አለው። ፕሮሚስ የሚሉት ሃይስኩል እዚያው ስቴት ለሚጨርስ ልጅ ነው፣ የአጎትህ ልጅ በዚህ ገብቶ ይሆናል። ሪኮኔክት የሚሉት እ.ኤ.አ. በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለአዋቂዎች የተጀመረ ሲሆን አንድ ዓመት እዚያ መኖር ይጠይቃል፣ አሶሼት የሚባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ ያለውንም አይቀበልም። ማሳቹሴትስ ከ2024 ጀምሮ ባችለር (የመጀመሪያ ዲግሪ) ለሌለው ነዋሪ በሙሉ በሩን ከፍቷል፣ እሱም አንድ ዓመት ያስጠብቃል። ስለዚህ «የትም ግቢ» አይሠራም፣ የምትገቡበት ስቴት ነው የሚወስነው።

የሚኒሶታው ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ ይባላል፣ በ2024 መኸር ነው የጀመረው። የቤተሰቡ ገቢ ከ80,000 ዶላር በታች እንዲሆን፣ ተማሪው ባችለር ዲግሪ እንዳይኖረውና የስቴቱ ነዋሪ እንዲሆን ይፈልጋል። የሚሠራው በመንግሥት ኮሌጆች ነው። አከፋፈሉን ልብ በይ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ድጎማ ማመልከቻ ፎርም ትሞያለሽ፣ ፔል የሚባለው የፌዴራል ድጎማ ይቀድማል (ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው)፣ ሌላ የስቴት ድጎማ ካለም ይታከላል፣ ከዚያ በኋላ የቀረውን የትምህርት ክፍያ ኖርዝ ስታር ይዘጋዋል። በግሪን ካርድ የገባ ሰው ፋፍሳ መሙላት ይችላል፣ ዜግነት መጠበቅ የለበትም። ነጻ ማለት ግን የትምህርቱ ክፍያ ነው። መጽሐፍ፣ ትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ከራስ ነው፣ የኪራዩን ነገር እህትሽን ጠይቂያት።

አሁን ወደ ቤትሽ ልግባ። ልጅሽ ከሁላችሁም ትቀድማለች። ኮሙኒቲ ኮሌጅ 50 በመቶ አመጣሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ሃይስኩል ጨርሰሻል ወይ ነው የሚለው። ከ9 እስከ 12 ተምራ መጨረሷን የሚያሳየው ትራንስክሪፕት ነው ዋናው፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ደግሞ ኮሌጁ ራሱ ፈትኖ ይመድባታል። ከሁሉ የሚበልጠው ይኸውልሽ፦ ዕድሜዋ ከ24 በታች ስለሆነ በፋፍሳ በወላጅ ሥር ነው የምትቆጠረው። በሚኒሶታ ሕግ እንዲህ ያለች ተማሪ ስታመለክት ወላጇ ሚኒሶታ የሚኖር ከሆነ ነዋሪ ትባላለች፣ አሥራ ሁለት ወር አትጠብቅም። ይህን ስነግራቸው የሚደነግጡ ወላጆች አሉ፣ ልጃቸውን ዓመት ሙሉ መጋዘን ሲያሠሯት ከርመው።

አንቺ ግን ዓመቱን ትጠብቂያለሽ። ለትምህርት ብለሽ ሳይሆን ለመኖር መጥተሽ 12 ወር መቀመጥ አለብሽ፣ በነዚያ ወራት ደግሞ በአንድ ሴሚስተር ከ5 ክሬዲት በላይ መመዝገብ የለብሽም። የእኛ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ገና ከመድረሱ በጉጉት ሙሉ ሰዓት ተመዝግቦ ከኪሱ ይከፍላል፣ በዓመቱ ሲመጣ «ያ ጊዜ አይቆጠርልህም» ይባላል። ዓመቱን በአዋቂዎች ትምህርት አሳልፊው። እንግሊዝኛውንም ጂኢዲ የሚባለውን የሃይስኩል አቻ ፈተና ዝግጅትም ያስተምራሉ፣ ክፍያ የለውም። 12ኛ አለመማርሽን በተመለከተ ዲፕሎማሽ ለኢቫሉዌሽን (የውጭ አገር ትምህርት ከአሜሪካው ጋር ለሚመዘንበት ግምገማ) ይላካል፣ ከሃይስኩል ጋር እኩል ነው ካሉሽ አለፍሽ፣ አይ ካሉሽ ጂኢዲ ትወስጃለሽ። 10+3 ባችለር ስላልሆነ ኖርዝ ስታርን አይከለክልሽም።

ባለቤትሽን በተመለከተ ጎረቤታችሁ ግማሹን ልክ ናት። ባችለር ያለው ሰው፣ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ያገኘውም ቢሆን፣ ፔል አያገኝም፣ ኖርዝ ስታርም አያገኝም። መደበቁ ግን ሞኝነት ነው። ለቪዛ ስታመለክቱ የሞላችሁት ፎርም ላይ ትምህርቱን ጽፏል አይደል? መንግሥት እጅ ገብቷል ማለት ነው። ፋፍሳ ላይ ሐሰት መሙላት እስከ 20,000 ዶላር ያስቀጣል፣ እስራትም አለው፣ ግሪን ካርድ ይዞ ገና የገባ ሰው በዚህ አይጫወትም። ደግሞስ ለምን ይደብቀዋል? ዲግሪውን አስገምግሞ ሥራ ይፈልግበት። ለክፍያ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር ዲግሪ ላለውም አልተዘጋም፣ ግን እኔ ወንድሜ ቢሆን የመጀመሪያውን ዓመት አትበደር እለው ነበር።

ገቢያችን በብር ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ፋፍሳ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ነው የሚያየው፣ የድሬው ደመወዛችሁ ወደ ዶላር ተቀይሮ ይገባል። የደመወዝ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤታችሁ አጽፉ፣ ኮሌጁ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ከዚህ ሆኖ ማጻፍ ያማርራል።

አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)

የቀፊራ ልጅ የሚኒሶታውን ጨርሶታል፣ የእኛን ልጨምር። እዚህ ከ2021 ጀምሮ ጂ3 የሚባል አለ። እሱም እንደ ሚኒሶታው ሌላው ድጎማ የተወውን ነው የሚሸፍነው፣ ግን ለሁሉም ትምህርት አይደለም፣ ሥራ ለሚፈለግባቸው ሙያዎች ነው፤ ጤና፣ አይቲ፣ የእጅ ሙያ፣ የሕፃናት እንክብካቤ። ገቢ ይታያል፣ ነዋሪነቱም አንድ ዓመት ነው። ነርሲንግ ወይም አይቲ የምትሉ ከሆነ አሪፍ ነው። ልጅቷ ግን እንደ ሚኒሶታው ወዲያው አትገባም፣ የእናንተን ነዋሪነት ተከትላ ዓመቱን ትጠብቃለች። ለባልሽ ግን ብርዱ እዚህም አለ በይው፣ ጃንዋሪ ላይ ይጠይቀኝ።

ገንደ ቆሬ (ድሬዳዋ)

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ዲቪ የለኝም። እዚህ ከተማ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ከዚህ ሆነህ ፋፍሳ ሞልቼልህ ነጻ ኮሌጅ አስገባሃለሁ» ብሎ ብር ጠይቆኛል። ይሆናል?

የቀፊራ ልጅ (ሚኒሶታ)

አይሆንም ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ፋፍሳ ለዜጋ፣ ለግሪን ካርድ ባለቤት፣ ለስደተኛ፣ ጥገኝነት ላገኘና ለመሳሰሉት ነው። በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ሰው አይሞላውም። አንተን ኮሌጁ ሲቀበልህ አይ-20 የሚባል ወረቀት ይልክልሃል፣ ያንን ለማግኘት ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚችል ገንዘብ እንዳለህ በባንክ ማሳየት አለብህ። ፋፍሳ መሙላት ራሱ ለማንም ሰው ክፍያ የለውም። ለሱ ብር የጠየቀህ ሰው ከዚህ ሌላውን ሁሉ ይዋሽሃል።

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)

እናንተ ልጆች፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የ20,000 ዶላሩ ጋ ስደርስ «ማን ይደብቃል አልኩ?» አለኝ፣ ትናንት ግን ዲግሪውን ከፍሬም አውጥቶት ነበር። ሴንት ፖል ተስማምተናል፣ ለልጅቷ ሲል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የልጄ ትራንስክሪፕት በእጄ አለ። እሱን ይዤ ብመጣ ይበቃል?

የቀፊራ ልጅ (ሚኒሶታ)

በእጅሽ ያለው ለራስሽ ይሁን። ትምህርት ቤቷ ሄደሽ ሌላ በታሸገ ኤንቨሎፕ፣ ማኅተሙ መዝጊያው ላይ ያረፈበት፣ ሁለት ሦስት ኮፒ አውጪ፣ እንዳትከፍቺው። የ12ኛ ክፍል ውጤቷንም ያዢ፣ ዝቅተኛ ነው ብለሽ አትተዪው። የአንቺን ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት እንደዚሁ፣ የባለቤትሽንም ከሐረማያ። አንዳንድ የኢቫሉዌሽን ድርጅት ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ካልተላከ አልቀበልም ስለሚል የሬጅስትራሩን ስልክና ኢሜይል ጽፈሽ ያዢ። ከመብረራችሁ በፊት ደግሞ ለአንድ ዘመድ ውክልና ስጡ፣ አንድ ወረቀት ቢጎድል ከዚህ ሆኖ ውክልና በኤምባሲ ማስላክ ወራት ይፈጃል። ስትደርሱ እህትሽ ጋ የገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ነገር አስቀምጪ፣ የአንቺ 12 ወር ከዚያ ቀን ነው የሚጀምረው።