ተማሪ ሴሚስተሩን አቋርጦ ሲወጣ ከፌዴራል እርዳታው ስንቱ ይመለሳል? የሚመልሰውስ ማነው?

ዋርካ፦
ጤና ይስጥልን። አሜሪካ ያላችሁ፣ የፋይናንሻል ኤይድ ነገር የሚገባችሁ ብታብራሩልን። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለ2026 ስፕሪንግ ሴሚስተር 3,000 ዶላር ፔል ግራንት (ብድር ያልሆነ የፌዴራል ድጎማ)፣ 1,750 ሰብሲዳይዝድ ብድር (እየተማረ ሳለ ወለዱን መንግሥት የሚከፍለው) እና 1,000 አንሰብሲዳይዝድ ብድር (ወለዱ ከመጀመሪያው በተማሪው ላይ የሚቆጠር) ገብቶለታል። ትምህርት ቤቱ ለትዩሽንና ለፊ 4,500 ወስዶ የተረፈውን 1,250 ለልጁ ሰጥቶታል። ሴሚስተሩ ጃንዋሪ 12 ጀምሮ ሜይ 1 ያልቃል፤ በመሃል የአንድ ሳምንት ስፕሪንግ ብሬክ አለው። ልጁ ፌብሩዋሪ 20 ላይ ሁሉንም ክላስ ትቶ ሊወጣ ነው። «ትዩሽን የሚመለስበት ጊዜ ስላለፈ ገንዘቡ ተከፍሎ አልቋል፣ የሚነካህ የለም» ያሉት ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

ወይራ፦
አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አደባልቀውበታል። ትዩሽን ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ትምህርት ቤቱ በራሱ ደንብ ይወስናል። የፌዴራሉ እርዳታ ግን የሚሰላው በፌዴራል ሕግ ነው፤ ኤይድ ቢሮዎቹ «አር ቱ ቲ ፎር» ይሉታል። ትምህርት ቤቱ ከትዩሽኑ አንድ ዶላር ባይቀንስም የመንግሥትን ገንዘብ የመመለስ ግዴታ አለበት።

ስሌቱ ከቀን ቆጠራ ይጀምራል። ክላስ ያለበት ቀን ብቻ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። ከጃንዋሪ 12 እስከ ሜይ 1 ድረስ 110 ቀን ነው። 5 ቀንና ከዚያ በላይ ተከታትሎ የሚዘጋ እረፍት ይቀነሳል። ቅዳሜና እሑድ ክላስ ከሌለ የብሬኩ 5 ቀን ከፊትና ከኋላ ካሉት ቅዳሜና እሑዶች ጋር ተደምሮ 9 ይሆናል። 5 ብቻ ቀንሶ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። የሚቀረው 101 ቀን። እስከ ፌብሩዋሪ 20 ያለው 40 ቀን ስለሆነ፣ 40 ለ101 ሲካፈል 39.6 በመቶ ይመጣል።

ጠቅላላ የገባለት 5,750 ነው። ብድሩ የሚያዘው የማስኬጃ ክፍያው ተቀንሶ በደረሰው መጠን ነው፤ እዚህ የተሰጠውን ቁጥር እንዳለ ልውሰደው። የ5,750 39.6 በመቶው፣ ማለትም 2,277፣ ለልጁ ይገባዋል። የማይገባው 3,473 ነው።

ይህን 3,473 ትምህርት ቤቱና ልጁ ይከፋፈሉታል። ትምህርት ቤቱ ካስከፈለው 4,500 ላይ 60.4 በመቶውን፣ ማለትም 2,718፣ ይመልሳል። አመላለሱም ተራ አለው፦ መጀመሪያ አንሰብሲዳይዝድ፣ ቀጥሎ ሰብሲዳይዝድ፣ ቀጥሎ የወላጅ ፕላስ ብድር ካለ እሱ፤ ፔል የሚነካው ብድሩ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ 1,000ው አንሰብሲዳይዝድ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ከ1,750ው ሰብሲዳይዝድ ደግሞ 1,718ቱ። 32 ዶላር ብድር ይቀራል።

የልጁ ድርሻ ቀሪው 755 ነው። ከዚህ ውስጥ 32ቱ ብድር ስለሆነ በብድሩ ውል መሠረት በጊዜው ይከፍለዋል። 723ቱ የፔል ነው። ተማሪ ከግራንት እንዲመልስ የሚጠየቀው ግን ከግራንቱ ግማሽ በላይ የሆነውን ብቻ ነው። የ3,000 ግማሽ 1,500፤ 723 ከዚያ በታች ነውና አይጠየቅም።

ከሰም፦
ወይራ ቁጥሩን አስቀምጦታል። ጣጣው ግን ከስሌቱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ትምህርት ቤቱ 2,718ቱን ለመንግሥት መልሶ ትዩሽኑን ካልቀነሰ፣ ያ ገንዘብ በልጁ አካውንት ላይ ያልተከፈለ ሒሳብ ሆኖ ይወጣል። የፌዴራል ብድሩ ከ2,750 ወደ 32 ይወርዳል፤ ዕዳው ግን አልጠፋም፣ ባለዕዳውን ሳይሆን አበዳሪውን ነው የቀየረው። የፌዴራል ብድር የ6 ወር ግሬስ ፒሪየድ (ክፍያ የማይጠየቅበት ጊዜ) አለው፣ ከዚያም በገቢ ልክ የሚከፈልበት ፕላን አለ። የትምህርት ቤት ቢል ግን ወዲያው የሚከፈል ነው። ካልተከፈለ ሆልድ (እገዳ) ይገባበታል፣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አይመዘገብም፣ ሲቆይ ለኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ) ይሰጣል። ስለዚህ በእጁ ያለውን 1,250 እንዳያጠፋው።

ከመፈረሙ በፊት ኤይድ ቢሮ ሄዶ «ዛሬ ብወጣ ስንት ይመለሳል? አካውንቴ ላይ ስንት ይቀራል?» ብሎ በጽሑፍ ይቀበል። ከዚያ በርሳር (የትምህርት ቤቱ ክፍያ ቢሮ) ጋ ሄዶ የክፍያ ፕላን መኖሩን ይጠይቅ። ፕላኑን ሆልድ ከመግባቱ በፊት መጠየቅ ይቀላል።

ሌላው የቀኑ ጉዳይ ነው። አቴንዳንስ የመያዝ ግዴታ በሌለበት ትምህርት ቤት የመውጫ ቀን የሚባለው ተማሪው ለሚመለከተው ቢሮ «ልወጣ ነው» ብሎ ያሳወቀበት ቀን ነው። ለፕሮፌሰሩ ብቻ ኢሜይል ልኮ መቅረት ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። አቴንዳንስ በሚያዝበት ደግሞ መጨረሻ የተገኘበት ቀን ነው። ማንንም ሳያሳውቅ ጠፍቶ በሁሉም ክላስ ኤፍ ካገኘ፣ ትምህርት ቤቱ ኤፉ ተምሮ ወድቆ የመጣ መሆኑን ያጣራል። ካልሆነ በሴሚስተሩ አጋማሽ እንደወጣ ተቆጥሮ 50 በመቶ ይያዝለታል። ከዚያ በኋላ ፈተና ተፈትኖ ወይም አሳይመንት አስገብቶ ከሆነ ቀኑ ያለበትን ማስረጃ ያቅርብ፤ ትምህርት ቤቱ የኋለኛውን ቀን መያዝ ይችላል። ኦንላይን ክላስ ላይ ሎግ ኢን ማድረግ ብቻውን አይጠቅምም።

ዋርካ፦
እግዜር ይስጥልን። እስከ 60 በመቶ ቢጠብቅ ምንም አይመለስም የሚባለውስ? ደግሞ የሚወጣው ታሞ ከሆነ አስተያየት ይደረግለታል?

ደንገጎ፦
60 በመቶን ያለፈ ተማሪ እርዳታው ሙሉ በሙሉ ይገባዋል። ልክ 60 ላይ መድረስ አይበቃም፣ ማለፍ አለበት። በዚህ ካሌንደር 60ኛው ቀን 59.4 በመቶ ነው፤ 61ኛው ቀን 60.4። ስፕሪንግ ብሬኩ ከዚያ በፊት ካለቀ 61ኛው ማርች 22 ይውላል፣ እሑድ ነው። ስለዚህ ማርች 23 ብሎ መያዝና ያን ቀን ክላስ መገኘት። በስም መዝገቡ ላይ ብቻ መቆየት ከላይ ከሰም የጻፈው ቼክ ውስጥ ይጥለዋል። የትምህርት ቤቱ የደብልዩ (ክላስ ያለ ውጤት መተዉን የሚያሳይ ምልክት) ቀነ ገደብም ከዚያ በፊት እንዳያልፍ አስቀድሞ ካሌንደሩን ይይ፤ ካለፈ የሚጠብቀው ኤፍ ነው።

ለእኔ ግን ከመጠበቅ የሚሻለው መንገድ ሌላ ነው። የሚቻለውን አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚፈጅ ክላስ ይዞ ሌሎቹን ድሮፕ ቢያደርግ ከትምህርት እንደወጣ አይቆጠርምና ይህ ስሌት አይነካውም። ሁለት ነገር ግን ይጠይቅ፦ ትምህርት ቤቱ ፔልን በስንተኛው ቀን ክሬዲት ላይ እንደሚቆልፍ (ከዚያ በፊት ድሮፕ ካደረገ ፔሉ ይቀንሳል)፣ እንዲሁም ከሀፍ ታይም፣ ማለትም በአብዛኛው ከ6 ክሬዲት፣ በታች ከወረደ የብድሩ 6 ወር መቁጠር እንደሚጀምር። 6 ወሩ ሳያልቅ ቢያንስ ሀፍ ታይም ሆኖ ከተመለሰ ግሬሱ እንደገና ሙሉ ይሆንለታል። ክላሱ የግማሽ ሴሚስተር ሞጁል ከሆነ ደንቡ ስለሚለይ በዚህ እንዳይተማመን።

ሕመምን በተመለከተ ስሌቱ ምክንያት አይጠይቅም። ታመመ፣ ሰው ሞተበት፣ ሥራ አገኘ፣ ቁጥሩ ያው ነው። የሐኪም ወረቀቱ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ትዩሽን እንዲቀንስለት ይግባኝ ሲጠይቅ፣ እና በኋላ ሳፕ (እርዳታው እንዲቀጥል የሚጠየቀው የትምህርት መሻሻል መለኪያ) ሲያቅተው። ደብልዩ የተሰጠው ክላስ እንደተሞከረ ክሬዲት ይቆጠራል፤ ብዙ ትምህርት ቤት ከተሞከረው 67 በመቶ መጠናቀቅ አለበት ስለሚል አንድ ሙሉ ሴሚስተር ደብልዩ በመጀመሪያ ዓመት ከዚያ መስመር በታች ሊያወርደው ይችላል። ወረቀቱን ሲታመም ያውጣ፤ ከዓመት በኋላ ክሊኒክ መለመን አድካሚ ነው።

ወይራ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ግራንት የሚመለስበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሌላ ተማሪ ካለ፦ ትምህርት ቤቱ መውጣቱን ካወቀ በ30 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ይልካል፣ ተማሪው 45 ቀን አለው። በዚያ ውስጥ ካልከፈለ ወይም የአከፋፈል ስምምነት ካላደረገ የፌዴራል እርዳታ በሙሉ ይዘጋበታል። 50 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ አይጠየቅም። አድራሻ ቀይሮ ደብዳቤው ያልደረሰው ሰው የሚያውቀው በሚቀጥለው ዓመት ፋፍሳ (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ) ሲሞላ ነው።

ፔሉ ደግሞ ባይመለስም በነፃ አልቀረም፤ በዕድሜ ልክ ከሚፈቀደው 12 ሙሉ ሴሚስተር ላይ ይቆጠርበታል።

ጦሳ፦
ካምፓስ ውስጥ በወርክ ስተዲ (በፌዴራል እርዳታ የሚሰጥ የተማሪ ሥራ) እየሠራ ያገኘው ደሞዝስ?

ወይራ፦
ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ የሠራበት ስለሆነ የሱ ነው። ከወጣ በኋላ ግን በዚያ ሥራ መቀጠል አይችልም። የስቴትና የትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፕ ካለው እነሱ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ለየብቻ ይጠይቅ።