የሪሞት መኪና፣ አውሮፕላንና ጀልባ ክበብ የጋራ ባትሪ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ጉባኤው ደርሷል፣ ረቂቁን እንጨርስ። በክበቡ ቤት ውስጥ መደርደሪያው ላይ ከባትሪ የተነሣውን እሳት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ሐሳቡ ይህ ነው። ከክበቡ ቤት ውጭ የሲሚንቶ ጠረጴዛ፣ ለባትሪዎቹ የብረት ሳጥኖች፣ ደረቅ አሸዋ በባልዲ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) በባላንስ ሞድ፣ ማለትም ቻርጀሩ ሴሎቹን እኩል እያደረገ ብቻ ይሞላል፣ ፍጥነቱ ከ1ሲ (በአንድ ሰዓት ከሚሞላው) አይበልጥም፣ ባለቤቱም ከአጠገቡ አይርቅም። ያበጠ ባትሪ ቻርጀር ላይ አይሰካም።

መኪና ክፍል፦ 1ሲ ለምን? የኔ ባትሪ ላይ 5ሲ ይችላል ተብሎ ተጽፏል። በሁለት ዙር መሃል አንድ ሰዓት ማን ይጠብቃል?

ገንዘብ ያዥ፦ የተጻፈው ለአዲስ ባትሪ ነው። ያረጀው ላይ የውስጥ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር በዚያ ፍጥነት ሲሞላ ይግላል። 1ሲ ማለት ባትሪው ባለ 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሆነ 2.2 አምፔር፣ ባለ 5000 ከሆነ 5 አምፔር። ማንም ሊያሰላው ይችላል።

አዲስ አባል፦ ብየዳ እችላለሁ። ሳጥኖቹን እኔ እሠራለሁ። ልኩን ነገ እለጥፋለሁ።

አውሮፕላን ክፍል፦ ደንቡ ጥሩ ነው። የጠረጴዛው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ግን በቁልፍ ይዘጋል ተብሏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

ጸሐፊ፦ የሜዳው ኃላፊ ጋ።

አውሮፕላን ክፍል፦ ማለትም መኪና ክፍል ጋ! እኛ የምንመጣው ንፋስ ሳይነሣ በጠዋት ነው። እነሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጡት። በር ላይ ቆመን ቁልፍ ልንጠብቅ ነው?

መኪና ክፍል፦ ይኼን ነገር ደግሞ አነሣችሁት። ሜዳውን ማን ደለደለው?

አውሮፕላን ክፍል፦ መዋጮውን ማን ከፈለ?

ጀልባ ክፍል፦ ሁለት ቁልፍ ይቀረጽ።

አውሮፕላን ክፍል፦ ሁለት ከሆነ እናንተስ? ሦስት ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ በየኪሱ ቁልፍ ካለ መቆለፉ ምን ይጠቅማል? የተቆለፈው እኮ ሰው ብቻውን ሰክቶ እንዳይሄድ ነው።

መኪና ክፍል፦ እምነት ከሌለ የራሳችንን ጠረጴዛ እንሠራለን። ከዚህ ዕቅድ ስማችን ይውጣ።

ነባር አባል፦ ስለ ቁልፍ ይህን ያህል ስትጽፉ ስለ ሴል ቁጥር አንድ ሰው አልተነፈሰም። ሙሉ 2ኤስ (ሁለት ሴል ያለው ሊፖ) 8.4 ቮልት ነው። ቻርጀሩ በእጅ 3ኤስ (ሦስት ሴል) ከተባለ እስከ 12.6 ሊገፋው ይሞክራል። አንዱ ሴል ከ4.2 ማለፍ የለበትም፤ እዚያ እያንዳንዱ 6.3 ላይ ሊደርስ ነው። እሳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የባላንስ ገመዱ ከተሰካ ግን ቻርጀሩ ሴሎቹን አንድ በአንድ ያያል። ግዴታ የሚሆነው እሱ ነው። ሳጥኖቹም ጭስ መውጫ ይኑራቸው። ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ብረት ጋዙን አምቆ ይፈነዳል።

ጀልባ ክፍል፦ ኒኤምኤች (ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ) የሚጠቀሙት ልጆችስ? የነሱ ባላንስ ገመድ የለውም።

ነባር አባል፦ ለነሱ የራሱ ሞድ አለ። ሞልቶ ሲያበቃ ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ቻርጀሩ ያንን አይቶ ያቆማል። ሊፖ ላይ ያ መውረድ ስለማይመጣ በዚያ ሞድ ከተሞላ አደገኛ ነው። ይኼ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ።

አውሮፕላን ክፍል፦ ይለጠፍ። የቁልፉ ጉዳይ ግን አልተመለሰም።

ጸሐፊ፦ መኪናና አውሮፕላን ክፍል በስልክ ተነጋግረዋል፣ ተረጋግተዋል። ማብሪያው ቁልፍ አይኖረውም። በምትኩ ለየክፍሉ የሚቆለፍ የራሱ ቁም ሣጥን ይሠራል። አዲሱ አባል ልኩን የት ለጠፍክ?

ጀልባ ክፍል፦ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

መኪና ክፍል፦ ቁም ሣጥኑ ዝናብ እንዳይመታው ቤት ውስጥ ይሁን። ባትሪም እዚያው እናስቀምጣለን። ይዞ መመላለሱ ይቀራል።

ነባር አባል፦ ቤት ውስጥ? ይህ ዕቅድ የተጀመረው ባትሪን ከቤት ለማውጣት ነበር! የግድ ከሆነ ሙሉውን ሞልቶ የሚያስቀምጥ አይኑር። በስቶሬጅ ሞድ (ባትሪውን ለማስቀመጥ በከፊል ብቻ በሚሞላው) እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ሆኖ ይቀመጥ። እኔ ግን ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ጸሐፊ፦ ይያዛል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ቁም ሣጥን ካሠራን ለጠረጴዛው ይተርፋል፣ ለጭስ ማስጠንቀቂያው አይተርፍም። ወደ ሚቀጥለው በጀት ላሻግረው ወይስ አሸዋው ይበቃል? ዛሬ መልስ እፈልጋለሁ።

አውሮፕላን ክፍል፦ የኛ ቁም ሣጥን በሩ አጠገብ ይሁን። በጠዋት የምንገባው እኛ ነን።

መኪና ክፍል፦ በሩ አጠገብ ያለው ቦታ የኛ ነው፤ ጎማና መለዋወጫ የምንሸከመው እኛ ነን።