ክርክር፦ የሕንድ ባለቅኔ ቅዱሳን የካስትን አጥር አፈረሱት ወይስ ሰው አጥሩን እንዲችለው አደረጉ?

ከፑኔ የተመለሰው
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬውን ጥያቄ እኔ ላንሳ። ሕንድ አገር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቆዳ ሠሪው፣ የቤት ሠራተኛዋ ሳትቀር ለአምላካቸው ግጥም እየገጠሙ ሲያዜሙ ሕዝቡ እንደ ቅዱሳን ቆጠራቸው። መንገዱን ብሃክቲ ይሉታል፤ የካህናቱን ቋንቋ ሳንስክሪትን ሳያውቁ፣ ካህን መሐል ሳይገባ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለአምላክ ፍቅርን ማፍሰስ ነው። የእኔ አቋም፣ እነዚህ ሰዎች ካስትን፣ ማለትም ሰው በተወለደበት ወገን ከፍና ዝቅ የሚባልበትን ሥርዓት፣ ከሥሩ ነቅንቀውታል የሚል ነው።

ምዕራብ ሕንድ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ ፑኔ ከተማ ማስተርሴን ስማር ወደ ፓንዳርፑር፣ የአምላካቸው የቪቶባ ቤተ መቅደስ ወዳለበት ከተማ፣ የሚሄዱ ተጓዦች ሲያልፉ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። የባለቅኔውን ቅዱስ የድንያኔሽዋርን ጫማ ምስል ከአላንዲ፣ የሌላውን ባለቅኔ የቱካራምን ከዴሁ በሠረገላ ይዘው ይነሱና ሦስት ሳምንት ያህል በእግራቸው ተጉዘው ቪቶባ ቤተ መቅደስ ይደርሳሉ፤ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሴቶቹ ቅዱስ የሚሉትን የቱልሲ ችግኝ በራሳቸው ተሸክመዋል፣ የሁለቱን ቅዱሳን ስም እየጠሩ ይዘምራሉ። አከራዬ ጡረታ የወጡ ብራህሚን፣ ከላይኛው የካህናት ወገን፣ ነበሩ። በራቸው ላይ ቆመው ሻይ ሲያድሉ አንድ ጭቃ በጭቃ የሆነ ገበሬ እግራቸውን ሊነካ ጎንበስ ሲል፣ እሳቸው ቀድመው የእሱን እግር ነኩ። "ማውሊ" ተባባሉ፤ "እናቴ" እንደማለት ነው። ሽማግሌውን ያጎነበሳቸው ሕግ አይደለም፤ ግጥም ነው።

ታሪክ አስተማሪ
ወንድሜ፣ ያየኸውን አልክድም። ግን ቀን መንገድ ላይ እግር መነካካት ሌላ፣ ማታ አብሮ መብላት ሌላ። አንትሮፖሎጂስቷ ኢራዋቲ ካርቬ ከእነዚሁ ተጓዦች ጋር በእግሯ ሄዳ የጻፈችው አለ፤ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1962 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ብራህሚኑና ከሌላ ወገን የሆነው ማራታ ቀኑን ሙሉ አንድ መዝሙር ሲዘምሩ ውለው፣ ምግብ ሲደርስ ለየብቻ ይቀመጡ ነበር።

አምቤድካርን እናንሳ። "አይነኩም" ከሚባሉት የማሃር ወገን ተወልዶ በኋላ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ነው። በ1936 ካስት ይጥፋ ብሎ ሲጽፍ ጋንዲ፣ ድንያኔሽዋርና ቱካራም የኖሩበት ሃይማኖት ፈጽሞ ፍሬ ቢስ ሊባል ይችላል ወይ ብሎ ሞገተው። የአምቤድካር መልስ ቅዱሳኑ የተጨነቁት ሰው ከአምላክ ጋር ስላለው ነገር እንጂ ሰው ከሰው ጋር ስላለው ትግል አይደለም የሚል ነበር። ሰዎች እኩል ናቸው አላሉም፤ በአምላክ ዓይን እኩል ናቸው አሉ። ይሄ ደግሞ ማንንም አያስፈራም፣ ከአንድ ኩሬም ውሃ አያስቀዳም። ለዚህ ነው አምቤድካር በ1927 ማሃድ ከተማ፣ የማይነኩት ከሕዝቡ ኩሬ እንዲጠጡ ሰልፍ መምራት ያስፈለገው።

የፈጪዋ ልጅ ልጅ
ጋሼ፣ በጣም አከብርዎታለሁ፤ ግን እርስዎም እሱም የምታወሩት ስለ ወንዶቹ ነው። ጃናባይን ማን ያስታውስ? በባለቅኔው ቅዱስ በናምዴቭ ቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ሠራተኛ ነበረች፤ በግጥሞቿም ራሷን "የናምዴቭ ገረድ ጃኒ" ትላለች። የእነሱ ወፍጮ እንደኛ በመጅ የሚገፋ አይደለም፤ ክብ ድንጋይ ላይ እንጨት እጀታ ተተክሎ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዞሩታል። ጃናባይ ለብቻዋ ናት። በዜማዋ ግን በወዲያኛው በኩል አምላክ መጥቶ ይቀመጥና እጀታውን አብሯት ያዞራል። ቤቱንም አብሯት ይጠርጋል፣ ጥራጊውን ይደፋላታል።

አያቴ መንዝ ስትፈጭ የምታንጎራጉረውን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ያን ሌሊት የሚያግዛት ሰው አልነበረም። ስለዚህ የጃናባይን ዜማ ሳነብ "ለካስት ምን ሠራች?" ማለት አልሆነልኝም። የማሃራሽትራ የገጠር ሴቶች ወፍጮ ላይ ሲያዜሙ ዛሬም ስሟን ይጠራሉ።

የሸማኔ ልጅ
አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸምኖ ነው ያሳደገኝ። ትምህርት ቤት የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ "ነጋዴ" እል ነበር። ካቢር ግን የቫራናሲ ሸማኔ ነው፤ ሥራውንም አልደበቀም። በስሙ በሚዜሙት ግጥሞች ሰውነት በስሱ የተሸመነ ሸማ ነው፤ ድሩና ማጉ ይቆጠራል። የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ በ1604 ሲሰበሰብ የዚህ ሸማኔ፣ የልብስ ሰፊው የናምዴቭ፣ የቆዳ ሠሪው የራቪዳስ ዜማ ገብቷል። እኔን የደነቀኝ ይሄ ነው፤ ሌላውን ለእናንተ ልተወው።

ዲያቆኑ
በሌላው እምነት ፈራጅ መሆን አልሻም። ቱካራም በረሃብ ዘመን ሚስቱንና ልጁን ቀብሮ፣ ንግዱ ከስሮ የዘመረ ሰው ነው። ጸሎቱን በፖለቲካ ሚዛን ብቻ ማስቀመጥ ከበደኝ።

ታሪክ አስተማሪ
ዲያቆን፣ እኔም ጸሎቱን አልነካሁም። የምፈራው ጸሎቱ ለተገፋው ማስታገሻ ሲሆን ነው። ከማሃር ወገን የሆነውን ቾካሜላን ውሰዱ። አንዱ ግጥሙ "የባሮችህ ባሪያ ነኝ፤ የተራፊህን ፍርፋሪ ፈልጌ ሳህኔን ይዤ መጣሁ" ዓይነት ነው። በሌላው ደግሞ ማሃር ሆኖ መወለዱን ባለፈው ሕይወቱ በሠራው ኃጢአት ያመካኘዋል። በደሉን ራሱ ላይ አላከከው። ይሄ አያማችሁም?

ከፑኔ የተመለሰው
ያመኛል ጋሼ፤ የምግቡንም ነገር ተቀብያለሁ። ግን ያው ቾካሜላ ሌላም ብሏል፦ "ሸንኮራው ጠማማ ነው፣ ጭማቂው ግን ጠማማ አይደለም፤ በላይ ቀለሙ ለምን ትታለላለህ?" ሚስቱ ሶይራባይም ርኩሰት ከሥጋ ጋር አብሮ የሚወለድ ከሆነ ንጹሕ ሥጋ ያለው ማን ነው ብላ ጠይቃለች። ይሄ የሚለምን ሰው ድምፅ አይደለም።

አምቤድካርም በካቢር መንገድ የሚሄድ አባት ነው ያሳደገው። ቡድሃን፣ ካቢርንና የካስት ተቃዋሚውን ፉሌን ሦስቱ መምህሮቼ ይል ነበር። በ1920 "የዲዳዎች መሪ" የሚል ጋዜጣ ሲጀምር ራስጌው ላይ ያተመው የቱካራምን ስንኝ ነው። ወገኑን ሊያናግር ሲነሣ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ያገኘው ከቱካራም ዘንድ ነው።

ታሪክ አስተማሪ
የጋዜጣው ነገር ውሃ ያነሳል፤ ተረትተህ አልልህም። ነገር ግን ያው ሰው በ1956 ናግፑር ላይ ሃይማኖቱን ትቶ ቡድሂስት ሆነ፤ በመቶ ሺዎች ተከተሉት። የፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ በር ለማይነኩት የተከፈተው የነጻነት ታጋዩ ሳኔ ጉሩጂ በ1947 ከጾመ በኋላ ነው። የባድቬና የኡትፓት ቤተሰቦች በዘር የያዙት የክህነት መብት የቀረው ደግሞ በ2014 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ስድስት መቶ ዓመት የተዘመረበት በር ነው፤ ዜማው ለብቻው አልከፈተውም።

ከፑኔ የተመለሰው
እዚያ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። የመጀመሪያው ደረጃ የናምዴቭ መታሰቢያ ነው፤ ሰው በእጁ ይነካዋል እንጂ አይረግጠውም። ከእሱ ፊት ለፊት፣ ከደረጃው ውጭ፣ የቾካሜላ መቃብር አለ። ወገኖቹ እስከ 1947 ድረስ የሚፈቀድላቸው እስከዚያ ብቻ ነበር።

ይዞኝ የሄደው የክፍል ጓደኛዬ ነው። ከማሃር ወገን ነው፤ ቤተሰቡ ከአያቱ ጀምሮ ቡድሂስት ነው። ታሪኩን የነገረኝ እሱ ነው። ቾካሜላ መንጋልቬዳ ላይ ቅጥር ሲሠራ ግንቡ ተንዶበት ከሌሎች ጋር ሞተ፤ ናምዴቭ አጥንቱን ሊለቅም ሄደ፤ የማንኛው አጥንት እንደሆነ ሲቸገር አንድ በአንድ እያነሣ ጆሮው ላይ አደረገ፤ "ቪታል፣ ቪታል" እያለ የቪቶባን ስም የሚጠራውን ለይቶ አምጥቶ በሩ ላይ ቀበረው።

ይሄን ነግሮኝ የሸንኮራውን ግጥም በአገሩ ቋንቋ በማራቲ በቃሉ አለልኝ። አበባ ገዛና መቃብሩ ላይ አኖረ። "እንግባ?" አልኩት። "አንተ ግባ፤ በሩ ክፍት ነው" አለኝ። እሱ ጫማዬን ይዞልኝ ከቾካሜላ አጠገብ ቁጭ አለ፤ እስክወጣ እዚያው ጠበቀኝ።