የኅዳር በሽታ ወሎ ላይ ስንት ሰው ወሰደ?

የቅሬ ጸሐፊ (ሐይቅ)፦

ሰላም ወገኖቼ። ሐይቅ አጠገብ የአንዲት መንደር የቅሬ (የእድር) ጸሐፊ ነኝ። መዝገባችን የሚጀምረው ከ1962 ዓ.ም. ነው። ሰው ሲሞት ስሙን፣ ቀኑን፣ ማን እንደቆፈረ፣ ማን እንደቀረ ሁሉ እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ያረፈ ግን ለመዝገባችን እንዳልተፈጠረ ነው፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ዛሬ ኅዳር 12 ነው። ልጆቹ ቆሻሻ እያቃጠሉ ሰፈሩን በጭስ አፍነውታል። ስለ 1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ስላዳረሰው ገዳይ ጉንፋን፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ የሚጠቀሰው የአዲስ አበባ አሥር ሺህ ብቻ ነው። ወሎስ?

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእናቷ የሰማችውን ትነግረን ነበር። እናቷ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነች። መንደሩ አሥራ አንድ ጭስ ነበር፤ ወሩ ሲወጣ እሳት የሚነድባቸው አራት ቤቶች ቀሩ። አባቷና ሁለት አጎቶቿ በአንድ ሳምንት አለቁ፣ እናቷም ተከተለች። ሽማግሌው አያቷና ልጆቹ ግን ተረፉ። መቃብር የሚቆፈርበት አንድ ዶማ ነበር፤ ከቤት ቤት ይዞራል። ሰኞ የቆፈረበት ሰው ሐሙስ ይቆፈርለታል። በመጨረሻ የሚያነሣው ጠፋና ከአንድ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፤ የዚያን ቤት ሰዎች ጎጆውን በላያቸው ንደው ነው የቀበሯቸው።

የአዲስ አበባውን ቁጥር ይዞ የወሎን ማስላት ይቻላል? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ጤና መኮንን (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ ልብ የሚነካ ነው የጻፍከው። በሙያዬ የማውቀውን ልንገርህ።

ስለ አዲስ አበባው፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በዚያ በሽታ ክፉኛ ታመው ነው የተረፉት፤ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ ማለቁንም ኋላ ስለ ሕይወታቸው ሲጽፉ አስፍረውታል። ከአምስት ሺህ ጀምሮ የሚገምቱም አሉ። ያኔ አገራችን ውስጥ ሞትን የሚመዘግብ አልነበረም። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም.፣ ልደትና ሞት በአገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ደግሞ በ2008 መጨረሻ ነው።

የዓለሙም ቁጥር ቢሆን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ 21 ሚሊዮን ገደማ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናት ወደ 50 ሚሊዮን አደረሰው፣ እስከ 100 ሚሊዮንም ሊሆን ይችላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደግሞ ወደ 17 ሚሊዮን መለሰው። ስሌቱ የሚሠራው መዝገብ ካለበት አገር ነው፤ በዚያ ዓመት የሞተውን ይይዙና በደህና ዓመት ይሞት የነበረውን ይቀንሱለታል። ትርፉ በሽታው የወሰደው ነው። መዝገብ የሌለበትን አገር ግን ከጎረቤት ተነሥተው ይገምታሉ። ስለዚህ ያንተ አሥራ አንድ ጭስ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ ሊኖር የሚችለው በግምት ብቻ ነው።

ማባዛቱን ግን አልመክርህም። ሳሞአ የሚባሉትን ደሴቶች ተመልከት። ምዕራቡ ሳሞአ ከሕዝቡ አምስት እጅ አንዱን ሲያጣ፣ መርከብ እንዳይጠጋ የከለከለው ጎረቤቱ የአሜሪካው ሳሞአ አንድ ሰው እንኳ አልሞተበትም። አንድ ባሕር የሚያዩ ጎረቤቶች እንዲህ ከተለያዩ፣ የአምባሰል ደጋና የባቲ ቆላ እንዴት በአንድ ቁጥር ይባዛሉ?

አንድ ነገር ግን ከጽሑፍህ ዓይኔን ያዘው፤ ሽማግሌው ተርፎ ጎልማሶቹ ማለቃቸው። ጉንፋን አዘውትሮ የሚገድለው ሽማግሌና ሕፃን ነው። ያ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጠንካራ ሰው አጨደ፤ እርጉዝ ሴቶችንማ ጭራሽ። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ተከትሎ የመጣው የሳንባ ምች ነው፤ መድኃኒቱም ገና አልተገኘም ነበር።

የቃሉ ልጅ፦

በኛም በኩል ይወራል። ወንድ አያቴ እንደነገሩኝ ሸሆቹ ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ከቡናው የተነሡት ከተቀመጡት ያነሱ ነበሩ። አላህ ይማራቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተረዳድቶ ነው የቀበረው፤ የቀረ ጉልበት ስለሌለ።

አባት (ወረኢሉ)፦

ልጄ፣ እኔ ሰማንያ አልፌያለሁ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። አንድ ነገር እንድታጣራ እፈልጋለሁ። በኛ አገር ሽማግሌ ሲያወራ ሁለቱ መከራ ይደባለቅበታል፤ ክፉ ቀንና ኅዳር። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ነው። በክፉ ቀን ከብቱ ነው ቀድሞ ያለቀ፤ በሬ ጠፋ፣ የሚያርስ ጠፋ፣ ሰው በርሀብ ረገፈ። በኅዳር ግን ከብቱ ደህና ነበር፣ እህሉም ደርሶ ቆሞ ነበር። የጠፋው የሚያጭደው ሰው ነው። ላም ጡቷ ተወጥሮ ደጅ ቆማ ስታለቅስ የሚያልባት አጣች ይሉን ነበር። እና ዘመዶችህን ጠይቅ፦ ከብቶቹስ? ጤፉስ?

የቅሬ ጸሐፊ (ሐይቅ)፦

አባቴ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ትናንት ማታ ደሴ ላሉት ለአክስቴ ደወልኩ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ገና "ከብቶቹስ?" ስላቸው "ከብቱማ ነበር እንጂ! ጤፉን ሳያጭዱት ረገፈ፣ በሬዎቹ ገብተው በሉት" አሉኝ። ኅዳር ነው እንግዲህ፣ አልተሳሳትንም።

የወሎውን ቁጥር ትቻለሁ፤ የኛን ቤት ግን መጻፍ እችላለሁ ብዬ ከመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ በፊት አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። አክስቴ በስልክ እየጠሩልኝ፣ አባት፣ ሁለት አጎት፣ እናት፣ አራት ስም ጻፍኩ። "በቃ?" ስላቸው ዝም አሉ። ቆይተው "አምስተኛም አለ" አሉኝ። ጤና መኮንን፣ ስለ እርጉዞች ያልከው እውነት ነው፤ እናትየዋ በታመመች በሦስተኛው ቀን ወልዳ ነበር። ወንድ ልጅ። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ስለሄደ ስም የለውም።

"ስም የሌለውን በምን ልጻፈው?" አልኳቸው።

"ቦታውን ክፍት ተወው፤ ግን ቁጠረው" አሉኝ።

አምስት ብዬ ጽፌያለሁ።